በሞንትሪያል ገንዳ የተገኘችው አንዲት ወርቅ

የቅብብል ዋና ከሌላው የዋና ውድድር የተለየ ጠባይ አለው። አራት ዋናተኞች እየተተካኩ እያንዳንዳቸው 100 ሜትር፣ ማለት ባለ 50 ሜትሩን ገንዳ አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ ይዋኛሉ። እንደ ሩጫው በእጅ የሚቀባበሉት ዱላ የለም፤ የምትመጣዋ ግድግዳውን ስትነካ ተረኛዋ ወደ ውኃው ትወረወራለች። ተረኛዋ ክንዷን እያወዛወዘች አስቀድማ እንድትንደረደር ይፈቀድላታል። ነገር ግን ባልደረባዋ ግድግዳውን ሳትነካ እግሯ ከመነሻው የተላቀቀ እንደሆነ ቡድኑ በሙሉ ይሰረዛል። የአንዷ ችኮላ የሦስቱን ድካም ከንቱ ያደርገዋል ማለት ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናወሳው ሐምሌ 18 ቀን 1968 ዓ.ም. በካናዳ አገር በሞንትሪያል ኦሎምፒክ የተደረገውን የሴቶች 4 ጊዜ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ነው። በዚያ ኦሎምፒክ አገራችን አልተካፈለችም፤ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር አብራ ቀርታ ነበር።

የምሥራቅ ጀርመን ሴቶች ከአራት ዓመት በፊት በሙኒክ በዋና አንድም ወርቅ አላገኙም። በሞንትሪያል ግን ከ13ቱ የሴቶች ውድድሮች 11ዱን ወሰዱ። የ200 ሜትር የደረት ቀዘፋውን የሶቪየት ኅብረቷ ማሪና ኮሼቫያ አሸነፈች። የአሜሪካ ወንዶች ከ13 ውድድር 12ቱን ሲያሸንፉ፣ የአገራቸው ሴቶች ግን እስከ መጨረሻው ውድድር ድረስ ወርቅ የሚባል አላዩም።

ከእነዚህ መካከል ሸርሊ ባባሾፍ የተባለችው የ19 ዓመት ወጣት በ200፣ በ400 እና በ800 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ተወዳድራ ሦስቱንም ጊዜ ምሥራቅ ጀርመኖች ቀድመዋት ሁለተኛ ወጣች። የተቀናቃኞቿን ድምፅ መጎርነንና የሰውነታቸውን መፈርጠም አይታ፣ አንድ የሚወስዱት ነገር ሳይኖር አይቀርም ስትል በግልጽ ተናገረች። ጋዜጠኞች ግን ሽንፈት ያስቆጣት መስሏቸው «ኩርፈኛዋ ሸርሊ» የሚል ስም አወጡላት። ነገሩን ከመመርመር ይልቅ የልጅቷን ጠባይ መመርመር ቀለላቸው።

በመጨረሻው ቀን የቅብብሉ ተራ ደረሰ። በግል የ100 ሜትር ውድድር ምሥራቅ ጀርመናውያኑ ኮርኔሊያ ኤንደርና ፔትራ ፕሪመር አንደኛና ሁለተኛ ወጥተው ነበር፤ ከአሜሪካኖቹ ሜዳይ ያገኘች አልነበረችም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሲሰላ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ይመስል ነበር።

ጀርመኖቹ ብርቱዋን ኤንደርን በመጀመሪያ አሰለፉ። ኪም ፔይተን ከእርሷ ጋር ተነሥታ ከ1 ሴኮንድ በላይ ተቀደመች። በዋና 1 ሴኮንድ ቀላል አይደለም፤ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ውኃ ነው። ይሁን እንጂ ኤንደር አንድ ጊዜ ከወጣች በኋላ ተመልሳ አትገባምና የቀረው ልዩነት በሦስቱ የሚበላ ነበር። ዌንዲ ቦግሊዮሊ 100 ሜትሩን በ55.81 ሴኮንድ ዋኝታ አቀረበችው። ከዚያ በኋላ የ15 ዓመቷ ጂል ስተርክል ገባች። ከጎኗ የምትዋኘው የ200 ሜትር የቢራቢሮ ቀዘፋ አሸናፊዋ አንድሪያ ፖላክ ነበረች። ስተርክል በ55.78 ሴኮንድ ዋኝታ ፖላክን አልፋ ግድግዳውን ቀድማ ነካች። በዚያ ሳምንት ከተደረገው ሁሉ እኛን የሚያስደንቀን ይህ ነው።

መሪነቱን የተረከበችው ባባሾፍ ነበረች። ያን ሁሉ ቀን ስትከተል የቆየችው ወጣት አሁን የምትከተላትን ክላውዲያ ሄምፕልን ሳታስጠጋ ጨረሰች። አሜሪካኖቹ 3 ደቂቃ ከ44.82 ሴኮንድ በሆነ የዓለም ሪኮርድ አንደኛ ሲሆኑ፣ ምሥራቅ ጀርመኖች በ3 ደቂቃ ከ45.50 ሁለተኛ፣ ባለአገሮቹ ካናዳውያን ሦስተኛ ወጡ።

የበርሊን ግንብ በ1982 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ የተሰወረው መዝገብ ወጣ። መንግሥት 14.25 የሚል ቁጥር በሰጠው ምስጢራዊ ዕቅድ ለስፖርተኞች፣ ለሕፃናቱ ጭምር፣ ኦራል ቱሪናቦል የተባለውን መድኃኒት ያስውጣቸው ነበር። ብዙዎቹ ልጃገረዶች ቪታሚን ነው ተብለው የወሰዱት ነው፤ ጉበታቸውና ማኅፀናቸው የተጎዳባቸው፣ ድምፃቸው እንደ ጎረነነ የቀረ አሉ። እንግዲህ በደሉ በሁለቱም ወገን ነበር፤ አንዷ ወርቋን ስታጣ ሌላዋ ጤንነቷን አጥታለች። በ1992 ዓ.ም. የበርሊን ፍርድ ቤት የስፖርቱን አለቃ ማንፍሬድ ኤቫልድንና ሐኪሙን ማንፍሬድ ሆፕነርን በአካል ማጉደል ጥፋተኞች ናቸው ብሎ በገደብ እስራት ቀጣቸው።

የሞንትሪያሉ ሜዳይ ግን ከያዘው እጅ አልተወሰደም። ባባሾፍም ኋላ በካሊፎርኒያ የፖስታ አዳይ ሆና ሠርታለች። በኦሎምፒክ መዝገብ ላይ የሞንትሪያል ውጤቷ ዛሬም አራት ብርና ያቺው የቅብብሏ አንዲት ወርቅ ነው።