የሸመደደ ሁሉ አነበበ ማለት አይደለም

 

ዛሬ ወደየቤታችን ገባ ብለን አንድ ነገር እንፈትሽ። ልጃችን «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ጀምሮ እስከ «ፖ» ሲወርድ እንሰማና «ማሻአላህ! ልጄ ፊደል ቆጠረ» ብለን እንደሰታለን። ነገር ግን ከገበታው መሀል «ቹ» ላይ ጣታችንን ብናሳርፍ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል፤ አለያም ከመስመሩ መጀመሪያ ተነስቶ እየቆጠረ ይደርስበታል። ቁርኣን ቤትም ያው ነው። አሊፍ፣ ባእ፣ ታእ እያለ የሚያዜመው ልጅ፣ በነጥብ ብቻ የሚለያዩትን ባእን፣ ታእንና ሣእን ነጣጥለን ስናሳየው ይደናገራል። ሰንፎ አይደለም። ጆሮው ዜማውን ይዟል፤ ዓይኑ ግን ቅርጹን ገና አልያዘም። ይህን በጊዜው ያላስተዋለ ወላጅ፣ ልጁ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ሲያቅተው ይደነግጣል፤ አንዳንዱም አለንጋ ያነሳል።

ለዚህ ችግር ከሚረዱን መሣሪያዎች አንዱ በኢንተርኔት የሚሠራው የማጥኛ ካርድ ፕሮግራም ነው። ካርዱ ሁለት ገጽ አለው። በፊተኛው «ቹ» ብቻ ይታያል፤ በጀርባው እናቱ በራሷ ድምፅ የቀዳችው ንባብ ይገኛል። ልጁ በመጀመሪያ ራሱ ያነባል፤ ከዚያ ገልብጦ ያመሳክራል። ከተሳሳተ ካርዱ ከደቂቃዎች በኋላ ይመለስበታል። ካወቀው ግን በማግስቱ፣ ቀጥሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንታት በኋላ ይመጣል። የትኛው ካርድ መቼ መታየት እንዳለበት ቀጠሮውን የሚይዘው ፕሮግራሙ ነው።

ይህ አሠራር ለምን ይጠቅማል? ጀርመናዊው ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየሸመደደ ራሱን ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚጠፋ፣ በቀናት ከፋፍለን ስንከልሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከማጨናነቅ የተሻለ እንደሚጸና አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሮዲገርና የካርፒክ ጥናትም፣ ጽሑፉን ደጋግመው ካነበቡት ተማሪዎች ይልቅ ዘግተው ያስታወሱትን ራሳቸውን የጠየቁት ከሳምንት በኋላ የበለጠ እንደያዙ አረጋግጧል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሙራጀዓ ያልተደረገበት ሒፍዝ እንደሚበን ቁርኣን የቀራ ደረሳ ሁሉ ያውቀዋል።

ከፕሮግራሞቹ ሁለቱን እንጥቀስ። «አንኪ» እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓንኛ ለመማር ተብሎ የተሠራ ሲሆን ስሙም በጃፓንኛ «መሸምደድ» ማለት ነው። በኮምፒዩተር፣ በድረ ገጹና በአንድሮይድ ስልክ በነጻ ይሠራል፤ በአይፎን ግን ይከፈልበታል። በስልክ ላይ ከተጫነ በኋላ ለዕለታዊ ጥናት ኢንተርኔት አይፈልግም። «ኩዊዝሌት»ን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈረንሳይኛ ቃላት ያስቸገሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለራሱ ሠራው፤ በ2007 ለሕዝብ ከፈተው። ከፊሉ አገልግሎቱ በክፍያ ነው።

አጀማመሩ እንዲህ ይሁን። በቀን 5 አዲስ ካርድ ይበቃል። 33ቱ ፊደላት በሰባቱ ቅርጻቸው 231 ስለሆኑ፣ በዚህ ሂሳብ በ47 ቀናት ሁሉም ለልጁ ቀርበውለታል ማለት ነው። ካርዶቹን ግን በገበታው ተራ አናስገባቸው፤ ዜማው እንዳይመራው እናዘበራርቃቸው። «ነ» እና «ኘ»ን፣ «ተ» እና «ቸ»ን የመሳሰሉትን ተመሳሳዮች በአንድ ቀን ጀምረን አናደናግረው። ከሌሎች የተዘጋጀ ካርድ የምንወስድ ከሆነም አስቀድመን እናርመው፤ በስህተት የተያዘ ነገር ለመንቀል ይከብዳል።

ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለምትሄድ እህታችንም ይህ መሣሪያ ትልቅ ስንቅ ነው። የወጥ ቤት ዕቃ ስም ብቻ ይዛ አትሂድ። «አና መሪዳ» (አሞኛል)፣ «ራቲቢ» (ደመወዜ)፣ «ሙስተሽፋ» (ሆስፒታል) የሚሉትን ሳታስብ ከአፏ እንዲወጡ አድርጋ ትያዝ። የመጽሐፉ ዐረብኛና የየአገሩ አነጋገር ስለሚለያዩ፣ እዚያ ኖራ የተመለሰች ጎረቤት ድምፁን ብትቀዳላት መልካም ነው። የቸገራት ቀን መዝገበ ቃላት የምታገላብጥበት ፋታ አይኖራትም።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ካርድ ኡስታዝን አይተካም። የፊደላቱ መኽረጅና ተጅዊድ ከመምህር አፍ ተሰምቶ፣ በመምህር ፊት ተቀርቶ የሚታረም ነው። ፊደል መለየትም የንባብ በር እንጂ ንባቡ ራሱ አይደለም፤ ልጁ ቀጥሎ ቃላትን፣ ዓረፍተ ነገርንና ታሪክን ማንበብ አለበት።

ኮምፒዩተርም ሆነ ስልክ የሌለን ደግሞ ተስፋ አንቁረጥ። ሴባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ዘዴ ወረቀትና ሳጥን ብቻ ይፈልጋል። ካርቶን ቆራርጠን ሦስት ሳጥን እናዘጋጅ፦ አንዱ በየቀኑ፣ ሁለተኛው በሦስት ቀን፣ ሦስተኛው በሳምንት የሚከፈት። የታወቀው ካርድ ወደ ቀጣዩ ሳጥን ያልፋል፤ የተሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

በየቤታችን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እንዳሉም አንዘንጋ። ልጇ ከመግሪብ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ካርዱን ሲገልጥ አጠገቡ ተቀምጣ አብራው ትመልስ። ከባሕር ማዶ የተላከላትን ደብዳቤ ለጎረቤት ማስነበቧ ቀርቶ የልጇን ምስጢር በራሷ ዓይን የምታነብበት ቀን ኢንሻአላህ ይመጣል። ዛሬ ማታ በአምስት ካርድ እንጀምር።