ማንም ያላስተዋወቀውን ዘፈን ማን ይገዛዋል?

በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ዋዜማ የፒያሳና የመርካቶ ሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው ሲፎካከሩ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሁሉ አዲስ ካሴት እንዴት ይገዛ እንደነበር አይዘነጋውም። መንገደኛው ሲያልፍ ጆሮው አንድ ዜማ ይይዝና ይቆማል። "ይሄ ደግሞ ማነው?" ብሎ ይጠይቃል። ባለሱቁ የካሴቱን ሽፋን ያሳየዋል፤ ከወደደው ይከፍላል፣ ካልወደደው ይሄዳል።

በዚህች ትንሽ ግብይት ውስጥ ሁለት ሥራዎች ባንድ ባንኮኒ ላይ ይከናወኑ ነበር። አንደኛው መምረጥ ነው፤ ባለሱቁ ከመጣለት ካሴት ሁሉ የትኛውን በር ላይ እንደሚያሰማ ይወስን ነበር። ሁለተኛው መክፈል ነው። ዛሬ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ተለያይተዋል። መምረጡን የስልክ መተግበሪያዎች ወስደውታል፤ ክፍያው ደግሞ በብዙ እጅ ተከፋፍሎ ብዙ ጊዜ ከአድማጩ ዕይታ ውጭ ሆኗል። በዚህ የተጎዳው ስሙ የገነነው ድምፃዊ ሳይሆን አሳታሚ ሳይኖረው በራሱ ወጪ ስቱዲዮ ገብቶ የሚወጣው ሙዚቀኛ ነው። ስለሆነም አድማጩ የትኛውን ዘፈን እንደሚሰማ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የት እንደሚደርስም ማወቅ ይኖርበታል።

ከባህር ዳር የተገኘ ካሴት

ለዚህ ጉዳይ ከኃይሉ መርጊያ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ኃይሉ መርጊያ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ትርዒት ሲያሳይ አንዳንዶቹ አባላት እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዘው ብቻቸውን አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረቡ አንድ ካሴት ቀዱ። ዘፋኝ የለበትም፣ ባንድም የለበትም። ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ተረሳ። ሙዚቀኛውም መድረክ ትተው በዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ተራ ሲጠብቁ ከመኪናው ሻንጣ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር የአሜሪካ ጋዜጦች ዘግበዋል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ባህር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። ሰውየው "ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ" የሚባል አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት አለው። ሙዚቀኛውን አፈላልጎ በስልክ አገኛቸውና ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ። ድርጅቱ ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል ባለቤቱ በይፋ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተከታተለ፤ የ1977ቱ "ጨ በለው" በ2014፣ "ወደ ሐረር ጉዞ" በ2016 ዳግም ታተሙ። በ2018 ኃይሉ "ላላ በሉ" የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ፣ በ2020 ደግሞ "የኔ ምርጫ"ን አስከተሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚተርከው "ፈረንጅ አገኘልን" እያለ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን የሚያመሰግነው ሌላ ሰው ነው፤ ካሴቱ ከተቀዳ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ ለሽያጭ ያኖረውን የባህር ዳር ቸርቻሪ። ያ ነጋዴ ዕቃውን "አያዋጣም" ብሎ ቢጥለው ኖሮ የተቀረው ሁሉ ባልሆነ ነበር።

አሳታሚ ያልነበራቸው

በግል ማሳተም በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተሙ መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ገንዘብ "አምሃ ሬከርድስ"ን አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ሥራ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ድርጅቱ እስከ 1975 ድረስ አንድ መቶ ያህል ነጠላና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አሳትሟል። ዛሬ በውጭ አገር "የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን" እየተባለ የሚሸጠው ሙዚቃ ብዙው የተገኘው ከዚህ የአንድ ነጋዴ ድፍረት ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንዲሁ ናቸው። የመጀመሪያ የፒያኖ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመርዳት ታስቦ ነበር። አዳራሽ እየዞሩ አልተጫወቱም፣ ማስታወቂያ አላሠሩም። ሰፊው ዓለም ያወቃቸው በ2006 "ኤትዮፒክ" በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ እትም 21ኛ ቁጥር ላይ ሥራቸው ሲወጣ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ የሙዚቃቸው አድማጭ በየአህጉሩ ነበር።

ከካሴት ነጋዴው ጋር በተያያዘ ግን ሁሉም ነገር ያማረ ነበር ማለት አይቻልም። በካሴት ዘመን ድምፃዊው ብዙ ጊዜ ሥራውን ለሙዚቃ ቤቱ አንድ ጊዜ በቁርጥ ዋጋ ሸጦ ይወጣ ነበር። አልበሙ አንድ መቶ ሺህ ቅጂ ቢሸጥም እሱ የሚያገኘው አልነበረም። በተጨማሪ ኮፒ አድራጊው ነበር። ስለዚህ የድሮውን ገበያ የምናነሳው ይመለስ ለማለት አይደለም።

መቶ ብር የት ትሄዳለች?

ወደ አሁኑ ገበያ እንምጣ። በወር ተከፍሎ ሙዚቃ የሚሰማባቸው ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶች አብዛኞቹ ገንዘብ የሚያከፋፍሉት አድማጩ በሚገምተው መንገድ አይደለም። የሁሉም አድማጭ ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፤ ድርጅቱ ሠላሳ በመቶ ያህሉን ለራሱ ያስቀራል፤ የተቀረው በጠቅላላው የመደመጥ ብዛት ይካፈላል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ሺህ ሰዎች በወር መቶ መቶ ብር ከፈሉ እንበል። ከድርጅቱ ድርሻ በኋላ 70 ሺህ ብር ይቀራል። በዚያ ወር ዘፈኖች በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢደመጡ ለእያንዳንዱ ጊዜ 7 ሳንቲም ይደርሳል። እርስዎ ታዲያ ወሩን ሙሉ የሰሙት አንድ በገና ደርዳሪ ብቻ ነው፣ ሃምሳ ጊዜ። ለእርሱ የሚታሰብለት 3 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ከእርስዎ 70 ብር የተረፈው 66 ብር ከ50 ሌሎች ቀንና ሌሊት ለሚያዳምጧቸው፣ እርስዎ ግን ስማቸውን ለማያውቋቸው ዘፋኞች ይሄዳል። ሦስት ብር ከሃምሳውም ቢሆን የሚደርሰው ለመብቱ ባለቤት ነው፤ ደርዳሪው መብቱን ሸጦ ከሆነ ለእርሱ አይደርስም።

ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከአንድ ሺህ ጊዜ በታች ለተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያስብም። ለታዋቂው ይህ ምንም አይደለም። ከጎንደር ወይም ከደሴ የመጀመሪያ ዘፈኑን ለለቀቀ ወጣት ግን ወሰኑ ትርጉም አለው። በተቃራኒው ሳውንድክላውድ የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2021 ለግል ሙዚቀኞች የአድማጩ ገንዘብ አድማጩ ወደሰማው ሰው እንዲሄድ የሚያደርግ አሠራር ጀምሯል።

ከሁሉ ወደ ካሴት ሱቁ የሚቀርበው ባንድካምፕ የተባለው ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ ሲሆን ሙዚቀኛው ራሱ ዋጋ አውጥቶ ይሸጥበታል። ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ኮሚሽን ይቆርጣል፤ የሽያጩ መጠን 5 ሺህ ዶላር ሲያልፍ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። አንድ አልበም በ10 ዶላር ቢሸጥ ኮሚሽኑ አንድ ዶላር ተኩል ነው፤ የገንዘብ ማስተላለፊያው ወጪ ተቀንሶ የተቀረው የሙዚቀኛው ነው። አስቸጋሪው ነገር ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ዋሽንግተን፣ ሎንዶን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ካለዎት ግን ለበዓል "ምን ልላክልህ?" ሲልዎት መልስ አለዎት ማለት ነው።

አገር ውስጥም ሙከራ አልጠፋም። ሟቹ አቀናባሪ ኤልያስ መልካ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው "አውታር"፣ ቀጥሎም "ሰዋስው" የተባሉት መተግበሪያዎች ዘፈንን በስልክ በብር ለመሸጥ የተነሱ ናቸው። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጣ ወዲህ ደግሞ አነስተኛ ገንዘብ ለሰው በቀጥታ መላክ የደቂቃ ሥራ ሆኗል። በየሰፈሩ በጥቂት ብር መቶ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ ጭኖ የሚሰጠውን ሱቅ የሚወዳደር ነገር ግን እስካሁን አልተገኘም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሁለት አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ አዋጁ ለከዋኙ የሃምሳ ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሚሞሪ ጫኙ ግን አዋጁን ያነበበ አይመስልም።

ጆሮ ጊዜ ይፈልጋል

ስለ ገንዘቡ ይህን ያህል ካልን ስለ መምረጡም ጥቂት እንበል። ማሽኑ የሚያቀርብልዎት ዘፈን ቀደም ሲል ከሰሙት ጋር የሚመሳሰለውንና ሌላ ሰው የወደደውን ነው። ገና ማንም ያልሰማው ዘፈን በዚህ ወንፊት ማለፍ ይከብደዋል። ስለዚህ ሌላ ፍለጋ ያስፈልጋል።

የድሮ ካሴት ገዢዎች አንድ ብልሃት ነበራቸው። የሽፋኑን ጀርባ ያነቡ ነበር፤ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን። ለምሳሌ የኤልያስ መልካን ቅንብር የወደደ ሰው ከቴዲ አፍሮ "አቡጊዳ" ተነስቶ ያኔ አዲስ ወደነበረው ወደ ኢዮብ መኮንን "እንደ ቃል" ይደርስ ነበር። ዛሬም የሚወዱትን ዘፈን ባስ ጊታር ወይም ማሲንቆ የተጫወተውን ሰው ስም ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ በስሙ የለቀቀው የራሱ ሥራ ይኖረዋል፤ አድማጩም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው መንገድ እግር ነው። አዲስ ሙዚቃ ከስቱዲዮ በፊት መድረክ ላይ ይሞከራል። ይሁንና መድረኮቹ ራሳቸው ጠንካራ አይደሉም። ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አብሮ ነደደ። ካዛንችስ የነበረው የመላኩ በላይ ፈንድቃ እ.ኤ.አ. በ2024 በከተማው የኮሪደር ልማት ምክንያት ከቦታው ተነስቷል። መድረክ ላይ የሚጫወት የግል ሙዚቀኛ ካገኙ የመግቢያውን ዋጋ አይከራከሩ፤ ለብዙዎቹ ዋናው ገቢ እሱ ነው።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን "ተደመጠ" የሚባለው ሠላሳ ሴኮንድ ከተሰማ በኋላ ነው፤ አዘጋጆችም ይህን ስለሚያውቁ መግቢያውን እያሳጠሩ ዋናውን አዝማች ወደ ፊት ይጎትቱታል። የእኛ ዘፈን ግን በልማዱ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። መሣሪያው ቅኝቱን ያሳያል፣ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ፤ ድምፃዊው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሠላሳ ሴኮንድ ፈርዶ የሚያልፍ አድማጭ ቅኝቱን ሳይለይ ያልፋል። የእማሆይ ፒያኖም መጀመሪያ ሲሰሙት ወዴት እንደሚመደብ ግራ ያጋባል፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ይመስላል፣ የአውሮፓ ክላሲካል ይመስላል፣ ትዝታም አለበት። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰሙት ግን ግራ መጋባቱ ራሱ ይጣፍጣል። ስለዚህ ለአዲስ ሙዚቀኛ ሦስት ዕድል መስጠት ተገቢ ነው፤ አንዱን በመንገድ ላይ፣ አንዱን ሥራ እየሠሩ፣ አንዱን ግን ምንም ሳይሠሩ ተቀምጠው።

በመጨረሻም አንድ ጥንቃቄ። ባንድካምፕ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኤፒክ ጌምስ ተሸጠ፤ በዓመቱ ደግሞ ለሶንግትራደር ተላልፎ ግማሽ ያህሉ ሠራተኛ ሥራውን አጣ። በእንዲህ ያለ ገበያ መደብሩ ነገ በማን እጅ እንደሚሆን ማወቅ ያዳግታል። የገዙትን ዘፈን ፋይሉን አውርደው፣ የሙዚቀኛውንና የአቀናባሪውን ስም ጽፈውበት፣ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ።