ደዋዩ ማነው?

የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቷ፣ ኩሽናው ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ መሳቢያ በታች ሌላ መሳቢያ አላት። አንድ እሑድ ክብሪት ፍለጋ ስስበው አሥራ አንድ ያልተከፈቱ ፖስታዎች አገኘሁ። «ተወው እሱን» አለችኝ ከቡናው ቀና ሳትል። የሥራ ሰዓቷ ከተቀነሰ ወዲህ ክሬዲት ካርዷን ሦስት ወር አልከፈለችም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቁጥሩን ታያለች፣ በፊቱ ትደፋዋለች። ሁለተኛው እስኪፈላ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ቀደድናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ነገር አሠራር እንዴት እንደያዘኝ አትጠይቁኝ፤ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ዱሮ በአገራችን ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከአበዳሪው ጋር ይቆራኝ ነበር። በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። አስቡት፤ ባለገንዘቡም ታሳሪ ነው! ቃሉ ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ» ስንል አብሮን አለ። አሜሪካ ውስጥ ግን አበዳሪው ከባለዕዳው ጋር አይቆራኝም፤ ጊዜው ሲደርስ ዕዳውን ለሌላ ሸጦ ይገላገላል። ስለዚህ ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ስንት እንደሚፈለግባችሁ ሳይሆን የሚደውለው ማን እንደሆነ ነው። ባንኩ ራሱ ነው ወይስ ዕዳውን የገዛው? መልሳችሁ እንደዚያው ይለያያል።

ከባንኩ እንጀምር። ክፍያው 30 ቀን ሲያልፈው ባንኩ ለክሬዲት መዝጋቢዎቹ ያሳውቃል፣ የክሬዲት ስኮሩ ይወርዳል። 60 ቀን ሲሞላ በነበረው ዕዳ ላይ ሳይቀር ወለዱን ከፍ ማድረግ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ በፈረንጆቹ 2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ከዚያ በኋላ 6 ተከታታይ ወር ሚኒመም ክፍያውን በሰዓቱ ለከፈለ ሰው ወለዱ እንዲመለስለት ያስገድዳል። 180 ቀን ሲሆን ባንኩ ሒሳቡን «ቻርጅ ኦፍ» ያደርገዋል። ይህን ቃል ደብዳቤ ላይ አይተው «ተሰረዘልኝ» ብለው እልል ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። አልተሰረዘም። ባንኩ በራሱ መዝገብ ኪሳራ ብሎ ጻፈው ማለት ብቻ ነው፤ ዕዳው እንዳለ አለ።

እንግዲህ ወርቃማው ጊዜ ያ 180 ቀን ነው። ደዋዩ ገና ባንኩ ስለሆነ ገንዘቡን ከማጣት መደራደር ይሻለዋል። ብዙዎቹ ባንኮች ለተቸገረ ደንበኛ «ሃርድሺፕ ፕሮግራም» የሚሉት አላቸው፤ ችግሩ ካልጠየቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ አይነግሯችሁም። የአክስቴ ልጅ ከመደወሏ በፊት በአንዱ ፖስታ ጀርባ ላይ የወር ወጪዋን ጻፈች፦ የቤት ኪራይ፣ እቁብ፣ አስቤዛ፣ ቤንዚን። እቁቡን ከኪራዩ ቀጥላ ነበር የጻፈችው፤ አንድ ወር አጓድላ አታውቅም። አልፈርድባትም። እቁብ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው፣ ቅዳሜ ፊት ለፊት የምታየው ሰው አለው። ካርዱ ምን ፊት አለው?

ወጪው ተቀንሶ የተረፈው 135 ዶላር ነበር። ዕዳው 6,200። ደወለች። ስልኩን ያነሳው የባንኩ ልጅ መጀመሪያ «ዛሬ 500 መክፈል ይችላሉ?» አላት። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ፖስታውን አሳየኋት። «አልችልም። የምችለው በወር 130 ነው። ሃርድሺፕ ፕሮግራም አላችሁ?» ሙዚቃ ላይ አቆያት፤ ቡናው ቀዘቀዘ። ሲመለስ ወለዱ ወደ 9 በመቶ ወርዶ፣ የመዘግየት ቅጣቱ ቆሞ፣ ለ5 ዓመት በወር 129 ዶላር እንድትከፍል፣ ካርዱም እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። «በጽሑፍ ላኩልኝ» አለች። በኀፍረት ብዛት 500ውን እሺ ብትል ኖሮ በሚቀጥለው ወር ቃሏን አፍርሳ ከባሰ ቦታ ትጀምር ነበር።

አሁን ሁለተኛው ደዋይ። ባንኩ ዕዳውን ሲሸጥ በስንት የሚሸጥ ይመስላችኋል? የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት ትልልቆቹ ዕዳ ገዢዎች ለአንድ ዶላር ዕዳ የከፈሉት በአማካይ 4 ሳንቲም ነበር። የ6,200 ዶላር ዕዳ በዚያ ሒሳብ 248 ዶላር ይሆናል! ትኩሱ ዕዳ ከዚያ ይወደዳል፣ የከረመው ይረክሳል፤ ቢሆንም «ሙሉውን ካልከፈልክ» እያለ የሚጮኸው ድምፅ ግማሹን ቢያገኝ ምን ያህል እንደሚያተርፍ አስሉት።

ርካሽ ዕዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደካማ ማስረጃ ጋር ነው የሚመጣው። የተከፈለ፣ የሌላ ሰው፣ ሁለቴ የተሸጠ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በ1977 የወጣው የዕዳ ሰብሳቢዎች ሕግ የሚጠቅመው። ዕዳውን የገዛው ሰብሳቢ ባነጋገራችሁ በ5 ቀን ውስጥ ስንት፣ ለማን እንደሚፈለግባችሁ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። ደብዳቤው በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ «አረጋግጡልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ከጠየቃችሁ ማረጋገጫ እስኪልክ ማሳደዱን ያቆማል። በስልክ መናገር አይበቃም። በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል አይችልም። ለእናታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ ዕዳችሁን መንገር አይችልም። በካርድ ዕዳ አስራችኋለሁ ብሎ ማስፈራራትም እንደዚያው ክልክል ነው።

ይርጋም፣ ማለት የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ አለ። በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ የውል ይርጋ በመደበኛው 10 ዓመት ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ላለው ዕዳ 3 ዓመት ነው። ይርጋ ባለፈው ዕዳ ሰብሳቢው መክሰስም እከሳለሁ ማለትም አይፈቀድለትም። «ለበጎ ፈቃድ 20 ዶላር ብቻ» ሲላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ በብዙ ግዛቶች ያቺ 20 ዶላር ይርጋውን እንደ አዲስ ታስጀምራለች።

ከፖስታዎቹ ሁሉ ፈጽሞ መሳቢያ የማይገባው የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በዲስትሪክት ፍርድ ቤት የተከሰሰ ነዋሪ እከራከራለሁ የሚለውን ቅጽ በ15 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። ዝም ካለ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል፤ ዕዳ ገዢው በደካማ ማስረጃም ያሸንፋል፤ ከዚያ ወዲያ ደሞዝ ወደ መያዝ ይሄዳል። የፌዴራሉ ሕግ ጣሪያው ከተጣራ ደሞዝ 25 በመቶ ነው ይላል።

በሬዲዮ «ዕዳዎን በግማሽ እናስቀንሳለን» ስለሚሉት ብዙ አልልም። በስልክ ደንበኛ የሚይዙት ከ2010 ጀምሮ አንድ ዕዳ እንኳ ሳያስቀንሱ ቀድመው ክፍያ እንዳይቀበሉ ተከልክለዋል፤ ቀድሞ የሚጠይቃችሁን ሸኙት። ደግሞ ከዕዳው ላይ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የተማረላችሁ እንደሆነ 1099-ሲ የሚባል ወረቀት ይመጣል፤ መንግሥት የተማረውን እንደ ገቢ ይቆጥረዋል። በዚያን ጊዜ ዕዳችሁ ከንብረታችሁ ይበልጥ ከነበረ ቅጽ 982 ሞልታችሁ ልትድኑ ትችላላችሁ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ዘንድ አድሬ ነበር። ለ2 ሰዓት ሃያ ጉዳይ ስልኳ ጮኸ፤ የረሳችው የሱቅ ካርድ ኖሯል። አልደፋችውም። አንስታ «ማን ልበል? ከየትኛው ድርጅት?» አለች፤ በግራ እጇም ከማንኪያዎቹ በታች ያለውን መሳቢያ ሳበች፣ እስክሪብቶ አወጣችና ሰዓቱን ጻፈች።