ያውቁ ኖሯል? የጦር መርከብ ሆድ ለምን ቀይ ሆነ?

በጊዜዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣች፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም ማሠልጠኛ ነበረች። በ1 ለ350 ልኬት የሚሠራ አምሳያዋ ግን 27 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ጥንቃቄው ቀለሙ ላይ ነው። ውኃ ውስጥ የሚገባው የመርከብ አካል በተለምዶ ጡብማ ቀይ የሚቀባው ለጌጥ አይደለም፤ ዛጎልና አልጌ እንዳይጣበቅበት የሚያደርገው የመዳብ ኦክሳይድ ራሱ ቀይ ስለሆነ ነው። በውኃው ልክ ጥቁር መቀነት ይዞረዋል። በአምሳያው ላይ ይህ መስመር እንዳይዝረከረክ ቀጭን ፕላስተር ተለጥፎ ጠርዙ በጥፍር ይጫናል።

ከዚያ በላይ ግራጫ። በትንሽ ነገር ላይ ቀለም ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ከእውነተኛው ትንሽ ነጣ ቢል ይመረጣል፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ደግሞ አምሳያውን የልጅ መጫወቻ ያስመስለዋል።