የአስም ጥያቄ ከጤና ጣቢያ ሲነሳ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደረቱ ሲር ሲር እያለ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው፣ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ትንፋሹ ተመልሶለታል። ሐኪሙ ማዳመጫውን ቢያሳርፍበት ምንም አይሰማም። አስም ነው? ብሮንካይት ነው? ወይስ ልቡ ነው? ወረፋው ረጅም ነው፤ የትንፋሽ መለኪያው ስፓይሮሜትር ደግሞ በክፍሉ የለም። አብዛኛው የአስም ሕመምተኛ የሚታከመው እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ስለ አስም የሚጠናው ግን በአመዛኙ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ዓይነት ሰው ላይ ነው።

ይህን በቁጥር ያሳዩት የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ከሕዝቡ መካከል ያገኟቸውን የአስም ሕሙማን፣ ዓለም አቀፉ የአስም ሕክምና መመሪያ በተደገፈባቸው ትላልቅ ሙከራዎች የመግቢያ መስፈርት መዘኗቸው። መስፈርቱን ያሟሉት ቁጥር ከሙከራ ሙከራ ቢለያይም፣ መካከለኛው ከመቶ 4 ሆነ። የሚያጨስ ይወጣል፤ ሌላ በሽታ ያለበት ይወጣል፤ መለኪያው ላይ በቂ ለውጥ ያላሳየ ይወጣል። በአራቱ ላይ የተፈተነውን መድኃኒት የሚወስዱት ግን መቶውም ናቸው።

በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሠሩ የመተንፈሻ አካላት ባለሙያዎችን ያሰባሰበው ዓለም አቀፍ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 የምርምር ፍላጎቶቹን ዘርዝሮ ያወጣው፣ በ2012ም ቅደም ተከተል ያስያዘው ለዚህ ነው። ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ። በቀላል መሣሪያ አስምን እንዴት እንለይ? የትኛው ሕክምና በዕለት ተዕለት ሕመምተኛ ላይ ይሠራል?

የመጀመሪያው ጥያቄ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ፣ ሐኪም አስም አለባችሁ ያላቸው 613 አዋቂዎች እንደገና በጥንቃቄ ሲመረመሩ፣ አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ በወቅቱ አስም አልተገኘም።

ሁለተኛው ግን ሕይወት ያስከፍላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሰማያዊው የማስታገሻ ኢንሄለር ቬንቶሊን የጠበበውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፤ ከሥር ያለውን ብግነት ግን አይነካም። ሕመምተኛው እፎይ ሲል የዳነ ይመስለዋል፤ ይህን ስሜት በምክር ብቻ ማሸነፍ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የብሪታንያ ሪፖርት 195 የአስም ሞቶች ተመርምረው ነበር። ይህን ዓይነት ማስታገሻ ይወስዱ ከነበሩትና ስንት እንደታዘዘላቸው ከታወቀው ሟቾች 39 ከመቶዎቹ፣ ከመሞታቸው በፊት ባለው አንድ ዓመት ከ12 በላይ ኢንሄለር ታዝዞላቸዋል። በወር ከአንድ በላይ ማለት ነው።

መልሱ በከፊል የመጣው ሙከራው ወደ ተራው ሕመምተኛ ሲቀርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ቀለል ያለ አስም ያለባቸውን 668 አዋቂዎች በወትሮ ኑሯቸው ውስጥ እንዳሉ ተከታተለ። ብግነቱን የሚያበርድ ስቴሮይድና ፈጣን ማስታገሻን አንድ ላይ የያዘውን ኢንሄለር ሲያስፈልጋቸው ብቻ የሳቡት፣ ማስታገሻውን ብቻውን ከሳቡት ጋር ሲነጻጸሩ የሕመሙ መባባስ በግማሽ ያህል ቀነሰላቸው። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ መመሪያ ማስታገሻ ብቻውን እንዲታዘዝ መምከሩን አቆመ።

መድኃኒቱ ቢገኝም ሳንባ ድረስ መድረስ አለበት። ኢንሄለሩን መነቅነቅ፣ ትንፋሽን ማስወጣት፣ በከንፈር መግጠም፣ ተጭኖ በዝግታ መሳብ፣ አሥር ሰከንድ ያህል መያዝ። የአርባ ዓመት ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ በትክክል የሚስቡት ከሦስት አንድ ያህል ብቻ መሆናቸውን፣ ይህም በአርባ ዓመት እንዳልተሻሻለ አሳይቷል። ለእኔ ከሁሉም በላይ ምርምር የሚገባው ይህ ነው። የአምስት ደቂቃ ማሳያ ምን ያህል ጊዜ ቢደገም፣ በማን ቢሰጥ ሰው አይረሳውም?

እኛም አገር የዚህ ምርምር ሥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን አካትቶ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳየ። ማን እንደሚታመም ነገረን፤ የታመመው ጤና ጣቢያ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ግን ሌላ ጥናት ይጠይቃል።

እንዲህ ዓይነት ጥናት ውድ መሆን የለበትም። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሙከራ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ወሰዱ፤ ታችኛውን ጫፍ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ቀደዱት፤ ኢንሄለሩን ሰክተው ዙሪያውን አሸጉት፤ የጠርሙሱን አፍ ለልጁ ሰጡት። አስም የተነሳባቸው ልጆች ትንፋሽ፣ በኢንሄለሩና በአፍ መካከል በሚገባው፣ በፋብሪካ በተሠራው ውድ ዕቃ የሚሻለውን ያህል ተሻለ።