ከመኪና መነጋገሪያው ሬዲዮ

ሞባይል በአገራችን የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ሞባይል ያለ ማማ አይሠራም። ታዲያ አንድ አምቡላንስ ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና ሲሄድ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ሾፌሩ ለሐኪሙ እንዴት ይነግራል?

መኪናው ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ይገጠማል። ለመናገር ቁልፉን መጫን፣ ለመስማት መልቀቅ ነው። ሁለቱም እኩል ካወሩ አይደማመጡም፤ እንደ ዕድር ስብሰባ ተራ መጠበቅ ነው!

ሬዲዮው ሁለት ዓይነት ነው። ቪ.ኤች.ኤፍ. የሚባለው ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። የአጭር ሞገዱ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ተመልሶ ከተራራው ወዲያ ይወርዳል። የሩቅ አገር ጣቢያ የምንሰማውም በዚሁ ነው። የሳተላይት ስልክም አለ፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ሆሳዕና በኩልም ሬዲዮውን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ሌሊትም ቢሆን።