ኮምፒውተር ሲነሣ የሚታዩ የስሕተት መልእክቶች፦ የባትሪ፣ የሰዓትና የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ በሐረር ጀጎል

ኮምፒውተር ተከፍቶ የዊንዶውስ ወይም የሊኑክስ ገጽ ከመምጣቱ በፊት፣ በጥቁር መደብ ላይ ጥቂት የእንግሊዝኛ መስመሮች ወጥተው ሥራው የሚቆምበት ጊዜ አለ። በሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከበሮቹ ውጭ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ እንዲህ የሆነ ኮምፒውተር እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ «ኤረር አመጣ» ይባላል። (በጀጎል ምሥራቃዊ ወገን ያለው ኤረር በር ስሙን ያገኘው ከኤረር ሸለቆ እንጂ ከዚህ አይደለም።) መልእክቱ ብዙውን ጊዜ ሳይነበብ ይታለፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ጥያቄ «ፎርማት ይደረግ ወይ?» የሚል ነው። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ጉድለቱ የሳንቲም ቅርጽ ያላት የአንዲት ባትሪ መድከም ሊሆን ይችላል፤ ፎርማት የሚያጠፋው ግን የባለቤቱን ሥራ በሙሉ ነው።

በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል በመጽሐፍ ቅጂና ጥረዛ የታወቀ ነው። የቀድሞው ገልባጭ የድካሙን ፍሬ በቆዳ ለብጦ ያስቀምጥ ነበር። የዛሬው ተመራማሪ የእጅ ጽሑፉን በካሜራ አንሥቶ ምስሉን በሃርድ ዲስክ ያኖራል፤ የቃለ መጠይቁ ድምፅም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ረቂቅ በዚያው ነው። ሁለተኛ ቅጂ ከሌለው፣ አንድ የተቻኮለ ውሳኔ የወራትን ሥራ ይወስዳል።

መልእክቶቹን ለማንበብ የኮምፒውተሩን አነሣሥ ቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል። ኃይል ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ባዮስ ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ የዚሁ ተተኪ ዩኢኤፍአይ ነው። ይህ ፕሮግራም ማስታወሻውን፣ የቁልፍ ሰሌዳውንና ሌላውን ዕቃ ይፈትሻል፤ የተቀመጠለትን ቅንብር ያነባል፤ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ነው በዲስኩ ላይ ያለው ማስነሻ ተራውን ተረክቦ ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን የሚጠራው። ስለዚህ በመጀመሪያው ደረጃ የወጣ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ውስጥ ስላሉት ፋይሎች ደኅንነት ምንም አይናገርም፤ ባዮስ ገና አልደረሰባቸውምና። ከመልእክቱ ቃላት ይበልጥ መልእክቱ የወጣበት ደረጃ ይመራል።

ገጹ ሳይበራ የሚሰማ ድምፅም አለ። በጀጎል የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር የተባለው በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ የስፌት መኪና ባለሙያ ብልሽቱን በጆሮው እንደሚለይ ሁሉ፣ የኮምፒውተሩም አጫጭርና ረጃጅም ጩኸቶች ትርጉም አላቸው። ይሁን እንጂ የጩኸቱ ቁጥር ፍቺ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የማዘርቦርዱን መመሪያ ሳያዩ መተርጎም ያሳስታል።

ከመልእክቶቹ ሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ግን የባትሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣው የአይቢኤም ኤቲ ኮምፒውተር ጀምሮ ሰዓቱና ቅንብሩ ኃይል በሌለበት ጊዜ የሚጠበቁት በባትሪ ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ሲአር 2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ነው፤ ቁጥሩ 20 ሚሊሜትር ስፋቱንና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረቱን ያመለክታል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ተዘግቶ እንኳ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱን የሚመግበው የመስመሩ ኃይል ስለሆነ ባትሪው ያርፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ግን ሰው ኃይሉ ሲመለስ ዕቃ እንዳያቃጥል ፈርቶ ማታ ማታ ከሶኬት ይነቅላል። ልማዱ ትክክል ነው፤ መተው የለበትም። ዋጋው የሚከፈለው በባትሪው ነው።

ባትሪው ሲደክም መጀመሪያ የሚወጣው «ሲሞስ ቼክሰም ኤረር» ወይም ቀንና ሰዓት አልተሞላም የሚል መልእክት ሲሆን፣ ለመቀጠል ኤፍ1 እንዲጫን ይጠይቃል። (የቁልፍ ሰሌዳ የለም ካለ በኋላ ኤፍ1 ተጫኑ የሚል ባዮስም አለ።) ብዙ ተጠቃሚ በየማለዳው ኤፍ1 እየተጫነ ለወራት ይሠራል። እስከዚህ ጉዳቱ ቀላል ነው። አደጋው ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ በመመለሱ ሲብስ ነው። ዊንዶውስ የተጫነው ዲስኩ ኤኤችሲአይ በሚባለው ሥርዐት እየተነበበ ሳለ ከሆነና የማዘርቦርዱ የፋብሪካ ቅንብር አይዲኢ ወይም ሬይድ ከሆነ፣ ዊንዶውስ በሚነሣበት መሐል ሰማያዊ ገጽ ይወጣል፤ ማስነሻ ዲስኩ ሊደረስበት አልቻለም የሚል ነው፤ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ በ7ቢ የሚያልቅ ቁጥር ይከተለዋል። ለተመልካች ዲስኩ የሞተ ይመስላል። ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው፤ የተለወጠው የሚነበብበት መንገድ ብቻ ነው። የዲስኩን ሥርዐት በባዮስ ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይበቃል። የአነሣሡ ዐይነት ከዩኢኤፍአይ ወደ ቀድሞው ባዮስ ወይም በግልባጩ ሲለወጥም፣ የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም የሚል መልእክት ይወጣል። ይኸው መልእክት ተሰክቶ በተረሳ ፍላሽ ምክንያትም ይመጣልና ፍላሹን መንቀል ይቀድማል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ የቅንብሩ መለወጥ 48 አኃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቅንብሩ ወደ ነበረበት ሲመለስ ጥያቄው ይቀራል። ቁልፉ በሌለበት ፎርማት ማድረግ ግን ፋይሎቹን ለዘለቄታው መሰናበት ነው።

ሰዓቱን እንደገና በመሙላት ላይ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ወጥመድ አለ። የኮምፒውተሩ ሰዓት የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። በዚያ ቀን ባትሪ የቀየረ ሰው በልማድ 2018 ብሎ ቢሞላ፣ ባዮሱ ያለ ቅሬታ ይቀበለዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ስሕተቱ የሚገለጠው ዘግይቶ፣ በማይመስል ቦታ ነው። የድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚጸናበት ጊዜ አጭር ነው፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል። ስለዚህ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ለሄደ ኮምፒውተር ምስክር ወረቀቱ ገና ያልተጻፈ ነው፤ ኢሜይልም፣ የቤተ መጻሕፍት ገጽም አይከፈትም፤ ተጠቃሚውም መስመሩን ይወቅሳል። ሊኑክስ ደግሞ ሲነሣ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ክፍል መጨረሻ የተከፈተበት ጊዜ ገና ወደፊት ነው የሚል መልእክት ሊያወጣ ይችላል። ከስሕተት መልእክቶች ሁሉ እንግዳው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ትርጉሙ ግን ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ብቻ ነው። የሰዓቱም ቈጠራ እንዲሁ ስድስት ሰዓት ያሳስታል፦ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ለኮምፒውተሩ ስምንት ሰዓት ነው።

በሌላ በኩል መብራት ድንገት ከጠፋ በኋላ ዊንዶውስ ዲስክ እፈትሻለሁ ቢል ብልሽት አይደለም፤ ሳያቋርጡ መተው ይገባል። ሃርድ ዲስኩ ራሱ ሊሞት ነው የሚል የስማርት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ወይም ከውስጡ የሚደጋገም የመንኳኳት ድምፅ ሲሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሳል። ዲስኩ ወጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሁሉ በፊት ፋይሎቹ ይገለበጣሉ፤ ፎርማትም ጥገናም የሚታሰበው ከዚያ ወዲያ ነው።

ወደ ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት መልእክቱን በስልክ ፎቶ ማንሣት ብዙ ድካም ያስቀራል፤ መስመሩ ከጠፋ በኋላ ባለቤቱ የሚያስታውሰው «እንግሊዝኛ ጻፈ» የሚለውን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለም የባዮሱን ገጾች፣ በተለይ የዲስኩን ሥርዐትና የአነሣሡን ዐይነት፣ እንዲሁ አንሥቶ ማኖር ይጠቅማል። ባትሪው የሚቀየረው ከሶኬት ተነቅሎ፣ የመደመር ምልክቱ እንደ አሮጌው ወደሚታይበት ወገን ሆኖ ነው። ቀኑ በጎርጎርዮስ ይሞላል፤ ቅንብሩ ከፎቶው ጋር ይነጻጸራል፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ አንድ ሌሊት ከሶኬት ተነቅሎ ያድራል። ጧት ሲከፈት ሰዓቱ ትክክል ከሆነና ኤፍ1 ካልጠየቀ ጉድለቱ የባትሪው ነበር።